«ይህን ያህል አጎበር ተሠራጨ» ሲባል የተቆጠረው ምንድን ነው?

በዜና «ይህን ያህል ሚሊዮን አጎበር ተሠራጨ» ሲባል ብዙ ሰው የሚገባው ያን ያህል ቤተሰብ ከወባ ትንኝ ተከልሎ እንደሚያድር ነው። ቁጥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ከመጋዘን የወጣውን ነው። ከመጋዘን በር እስከ አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በየምዕራፉም የሚንጠባጠብ አለ። ያን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተከትሎ የሚቆጥር፣ የቆጠረውንም መልሶ የሚጠራጠር ሰው በወባ መከላከል ፕሮግራም ውስጥ የክትትልና ግምገማ ኃላፊ ይባላል።

አጎበሩ በቃሊቲ ደጅ ሲያልፍ ለቃሊቲ ሰው ለምን አይታደልም?

አዲስ አበባን በአቃቂ በኩል የሚለቅ መኪና ቁልቁል ነው የሚወርደው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መሐል ከተማው 2,350 ሜትር ገደማ ሲሆን አቃቂ ቃሊቲ ወደ 2,100 ዝቅ ይላል። ቢሾፍቱ 1,900፣ አዳማ 1,700 ገደማ ነው፤ መተሐራ ሲደረስ ከ1,000 በታች ነው። ቃሊቲ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የተጫነ አጎበር የቱሉ ዲምቱን የክፍያ መንገድ ይዞ ሲሄድ የኮዬ ፈጬን ኮንዶሚኒየም በጎን እያየ ያልፋል። «ለእኛስ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይመጣል።

መልሱ ሙቀት ነው። የወባ ጥገኛ ከትንኟ ሆድ ገብቶ ለሰው እስኪተላለፍ ድረስ መብሰል አለበት። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት የአየሩ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ እድገቱ ይገታል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ትንሽ ብርድ ይችላል። በደጋ ጥገኛው ሳይበስል ትንኟ ቀድማ ትሞታለች። በኢትዮጵያ 2,000 ሜትር እንደ ድንበር የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። ከድንበሩ በታች ያሉ ወረዳዎች ደግሞ ከ1,000 ነዋሪ በዓመት ስንቱ በወባ ታመመ በሚል ስሌት ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ይመደባሉ። አጎበር፣ የቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭትና ሌላውም በጀት የሚደለደለው በዚህ ምደባ ላይ ነው።

ድንበሩ ግን የግንብ አጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ ወባ እምብዛም የማያውቃቸውን ደጋማ ቦታዎች ጭምር መትቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ስለዚህ የምደባው ካርታ አንዴ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳይሆን በየጊዜው እንደገና የሚፈተሽ ነው፤ መፈተሹም የክትትል ሥራ አካል ነው።

ክትትል ምንድን ነው? ግምገማስ?

ሠርግ ቤትን ማሰብ ይበቃል። ጓዳ በር ላይ ቆማ «ይህን ያህል መሶብ ወጣ፣ ይህን ያህል ጠላ ተቀዳ» የምትቆጥረው ሴት ክትትል ላይ ናት። ድግሱ ገና እየተበላ ስለሆነ እንጀራው ሊያልቅ ሲል ቀድማ ትጮኻለች። በማግስቱ ዳሱ ሳይፈርስ «ማን ሳይበላ ተመለሰ? የወንድ ወገን ለምን ቅር ተሰኘ?» ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ ግምገማ ነው። ከጓዳ 300 እንጀራ መውጣቱ 300 ሰው መብላቱን አያሳይም፤ አንዱ ሦስት በልቶ፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

በሥራው ቋንቋ ከጓዳ የወጣው ክንውን፣ የበላው ሰው ውጤት፣ ረኀቡ መጥፋቱ ደግሞ ለውጥ ይባላል። እያንዳንዱን የምንለካበት ቁጥር አመላካች ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተለካው መነሻ ይባላል፤ መነሻ ሳይለካ የተጀመረ ፕሮግራም በኋላ «ለውጥ አመጣሁ» ቢል ማስረጃ የለውም።

ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ከሆነ ሕዝቡ ለምን ለ1.8 ይካፈላል?

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ይላል። ግዢው ሲሰላ ግን የሕዝቡ ቁጥር ለ2 ሳይሆን ለ1.8 ይካፈላል። ምክንያቱ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ቤተሰብ ነው። ሦስት ሰው ያለበት ቤት አንድ ተኩል አጎበር ሊሰጠው አይችልምና ሁለት ይወስዳል፤ አምስት ሰው ያለበት ሦስት ይወስዳል። 20,000 ሰው ለሚኖርበት አካባቢ ለ2 ሲካፈል 10,000 ይመጣል፤ ለ1.8 ሲካፈል 11,111። መካከል ያለው 1,111 አጎበር ትርፍ ይመስላል፤ ሳይገዛ ሲቀር ግን በሥርጭቱ መጨረሻ ቀን ሰልፉ ጫፍ ላይ ያሉት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። 50 አጎበር በአንድ ቦንዳ ታስሮ ከመጣ 11,111ዱ 223 ቦንዳ ነው። ለየቀበሌው ሲከፋፈል እያንዳንዱ ወደ ላይ ስለሚጠጋጋ ቁጥሩ ገና ትንሽ ይጨምራል።

ከማካፈሉ በላይ የሚያስቸግረው የሚካፈለው ቁጥር ነው። አገሪቱ የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ ያለፈውን እድገት ወደፊት እየጎተተ ይሄዳል እንጂ እርሻ የነበረው መሬት በአንድ ጊዜ ኮንዶሚኒየም እንደሚሆን አያውቅም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ነገሩ ይብሳል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የአስተዳደር ወሰንና ስያሜ ተለዋወጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ የትናንቱን መዝገብ ከዛሬው ቀበሌ ጋር ማዛመድ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። በጤና ሪፖርት ላይ «ሽፋን 112 በመቶ» የሚል ቁጥር የሚታየው በዚህ ነው። ከመቶ ሰው 112ቱን ማዳረስ አይቻልም፤ የሚታየው አካፋዩ፣ ማለትም በመዝገብ የተያዘው የሕዝብ ቁጥር፣ ማነሱ ነው።

ስለዚህ ከሥርጭቱ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይመዘግባሉ። ጠንቃቃ ኃላፊ ምዝገባውን ከትንበያው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ይቀጥላል፤ ከ10 ወይም ከ15 በመቶ ከበለጠ ጥቂት ጎጦች መርጦ እንደገና ያስቆጥራል። ምዝገባ በሁለት በኩል ይስታል። አጎበር ሊታደል ነው ከተባለ አንዱ ቤተሰብ በአባትና በልጅ ስም ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። በሌላ በኩል የቤተሰብ ማህደር (ጤና ኬላው ለየቤተሰቡ የሚይዘው መዝገብ) የሌለው ሰው ጭራሽ ይረሳል፤ ተከራይ፣ የግንባታ ቦታ ዘበኛ፣ በቆርቆሮ መጠለያ አሥር ሆነው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች፣ ለአረም ወይም ለአጨዳ ቆላ የወረዱ ወጣቶች። ለወባ ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዚሁ ናቸው።

ከመጋዘን እስከ ቀበሌ ምን ይጎድላል?

ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22። በየመጋዘኑ ቢን ካርድ ላይ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ይጻፋል። አጎበሩ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ኬላ እያለ ሲወርድ በእያንዳንዱ ጣቢያ ላኪው የጻፈውና ተቀባዩ የፈረመበት መመሳሰል አለባቸው።

አንድ ቀበሌን ቀረብ ብለን እንይ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው። 40 ቦንዳ፣ ማለትም 2,000 አጎበር ተረከበ። በቤተሰብ መዝገቡ ላይ ተፈርሞ የወጣው ሲደመር 1,870 ነው። ጤና ኬላው ጥግ ላይ ያልተፈቱ ሁለት ቦንዳዎችና የተፈታ አንድ ቦንዳ ውስጥ 17 ፍሬ አለ፤ ድምሩ 117። 1,870 እና 117 ሲደመሩ 1,987 ይሆናሉ። 13 ጎደለ። ጉድለቱ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቦንዳው ሲፈታ 50 ሳይሆን 49 ተገኝቶ ማንም አልጻፈውም፤ ወይም ሰልፉ ሲጨናነቅ ሳይፈርም የወሰደ አለ፤ ወይም ተሰርቋል። ኃላፊው ከሁሉ በፊት የሚከለክለው ነገር ቢኖር መዝገቡን «ማስተካከል» ነው። 13ቱ እንደ ጎደሉ ተጽፈው፣ ምክንያቱ ከታወቀ ምክንያቱ፣ ካልታወቀም «ያልታወቀ» ተብሎ ይቀመጣል።

እንደውም ልምድ ያለው ሰው ይበልጥ የሚጠራጠረው ምንም ያልጎደለበትን ነው። በሺህ የሚቆጠር አጎበር በዝናብና በግርግር ታድሎ በሃያ ቀበሌ አንድም ፍሬ ሳይጎድል እኩል ከመጣ፣ መዝገቡ የተሞላው ከሥርጭቱ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ይታያል፤ ገጹ ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ፊርማዎቹም እህትማማች ይሆናሉ።

የጊዜው ነገር አለ። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ አነስተኛው ከበልግ ዝናብ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አጎበሩ በሰኔ ቀበሌ ካልደረሰ ጥቅምት ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ ትንኟ ቀድማለች። በሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም «ተሠራጭቷል» ነው የሚባሉት። ስለዚህ ከስንት ጋር መቼ የሚለውም መለካት አለበት።

አጎበር መኖሩና መብቃቱ እንዴት ይለያያል?

ሁሉም የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቤቶችን እንውሰድ።

የመጀመሪያው ቤት ስድስት ሰውና ሁለት አጎበር አለው። ሁለተኛው ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፤ ሦስት አጎበር አላቸው፤ አንዱ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ሦስተኛው አራት ሰው አለበት፤ አጎበር የለውም። በድምሩ 12 ሰውና 5 አጎበር።

አጎበሩን ብቻ የሚቆጥር ሰው «5 አጎበር 10 ሰው ይይዛል፣ 10 ለ12፣ ሽፋኑ 83 በመቶ» ይላል። «ቢያንስ አንድ አጎበር ያለው ቤት ስንት ነው?» ከተባለ ከሦስቱ ሁለቱ፣ 67 በመቶ። «ለሁለት ሰው አንድ የደረሰው ቤትስ?» ከተባለ ሁለተኛው ብቻ፣ 33 በመቶ። ትክክለኛው ተደራሽነት የሚሰላው በየቤቱ ነው። አጎበሩ በሁለት ይባዛል፤ ውጤቱ ግን ከቤቱ ሰው ቁጥር መብለጥ አይችልም። የመጀመሪያው ቤት 4 ሰው ያስጠልላል። ሁለተኛው ለ6 ቢበቃም ሰው ሁለት ብቻ ስለሆነ 2 ተብሎ ይያዛል። ሦስተኛው ዜሮ። 6 ለ12፣ ማለትም 50 በመቶ። የባልና ሚስቱ ትርፍ አጎበር ጎረቤት ያሉትን አራት ሰዎች አይሸፍንም።

አሁን ትናንት ማታ ማን ከአጎበር ሥር እንዳደረ እንጠይቅ። ከመጀመሪያው ቤት ሁለት ልጆች፣ ከሁለተኛው ሁለቱም፤ በጠቅላላ 4። 4 ለ12 አጠቃቀሙ 33 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ሕዝቡ አጎበር አይጠቀምም፣ ትምህርት ይሰጠው» ይላል። ነገር ግን ከአጎበር ሥር ሊያድሩ ይችሉ የነበሩት 6 ብቻ ናቸው፤ ከ6ቱ 4ቱ አድረዋል፣ 67 በመቶ። ካልተጠለሉት 8 ሰዎች ስድስቱ ሳይጠለሉ ያደሩት አጎበር እያለ ሳይሆን ጠፍቶ ነው። ለስድስቱ ትምህርት ቢሰጣቸው ምን ያደርጋሉ? የሚያስፈልጋቸው አጎበር ነው። ትምህርቱ የሚያስፈልገው ለሁለቱ ነው። ኃላፊው ለአለቆቹ ከሚያቀርበው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይተውልህ ቢባል መምረጥ ያለበት ይህን ንጽጽር ነው፤ ገንዘቡ ወደ ግዢ ይሂድ ወይስ ወደ ቅስቀሳ የሚለውን የሚለየው እሱ ነው።

አጎበር እያለ የማይጠቀም ሰውም ምክንያት አለው። ሙቀቱ ያፍነዋል፤ ወይም አራት ማዕዘኑ አጎበር ለክብ ጎጆ ማንጠልጠያ አስቸግሮታል። ደጅ የሚያድር እረኛና ዘበኛም አለ። ትኋንም አንዱ ምክንያት ነው። አዲሱ አጎበር ትኋኑን ስለሚገድል ሰው ይወደዋል፤ ኬሚካሉ ሲደክም ትኋኑ ይመለስና አንዳንዱ ቤተሰብ «ይህ አጎበር ትኋን ያመጣል» ብሎ ያወርደዋል። «ለምን አልተጠቀሙም?» የሚለው ጥያቄ የመልስ ምርጫ ውስጥ ትኋን ካልተካተተ መልሱ «ሌላ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በግ ጉረኖ ላይ ወይም ጭድ ማሰሪያ ሆኖ የታየ አጎበርም ሁልጊዜ ብክነት አይደለም፤ ያረጀ ነው ወይስ አዲስ ብሎ ሳይጠይቅ ፎቶ አንሥቶ «ሕዝቡ አጎበር ያባክናል» የሚል ባለሙያ ሥራውን ግማሽ ላይ ነው ያቆመው።

ይህ ሁሉ በየቤቱ እየተዞረ ይጠየቃል?

አይጠየቅም። የወጥ ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መብላት አያስፈልግም፤ አንድ ጭልፋ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ድስቱ መማሰል አለበት። ማማሰል ማለት ቤቶቹን በዕጣ መምረጥ ነው። ለመኪና መንገዱ ቅርብ የሆኑት ብቻ ከተጠየቁ የተቀመሰው ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት ነው።

ሥርጭቱ እንዳለቀ በሳምንታት ውስጥ ለፈጣን ፍተሻ በየቀበሌው 19 ቤት በዕጣ ይመረጣል። ግቡ 80 በመቶ ከሆነና ከ19ኙ 13 ወይም ከዚያ በላይ አጎበሩን ካገኙ ቀበሌው «አለፈ» ይባላል፤ 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የማሟያ ሥርጭት ይላካል። ይህ ዘዴ ማለፍና መውደቅን ብቻ ነው የሚናገረው። 13 ለ19 አስልቶ «የቀበሌው ሽፋን 68 በመቶ ነው» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

ለትልቁ ጥናት በመቶኛ 5 ወዲያና ወዲህ በሆነ ስሕተት ለመናገር 384 ቤት ይበቃል። ቤቶቹ ከየቦታው አንድ በአንድ ሳይሆን መንደር መንደር እየተደረጉ ከተመረጡ ግን ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ 768 ይሆናል። ከአሥር አንዱ ቤት ተዘግቶ ይገኛል ተብሎ ሲታሰብ ወደ 853 ይደርሳል። ጥናቱ በጥር ወይም በየካቲት ከተካሄደ ትንኝ ስለሚያንስ አጠቃቀሙ ዝቅ ይላል፤ በጥቅምት ከሆነ ከፍ ይላል። መነሻው በጥር፣ ፍጻሜው በጥቅምት ከተለካ ያለምንም ሥራ «ከፍተኛ መሻሻል» ይገኛል።

ጠያቂው በር አንኳኩቶ «አጎበር ይጠቀማሉ?» ካለ መልሱ የታወቀ ነው፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር ስለሆነ «አዎ የኔ ልጅ» ይባላል። ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው ሰው በሰው ነው። «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን ማን አደረ?» ተብሎ ስም በስም ይዘረዘራል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ አጎበር ይታያል፤ «ከዚህኛው ሥር ማን ተኛ?» ይባላል። ከመስኮቱ አጠገብ ከነላስቲኩ የተቀመጠ አጎበር ሥር ማንም ሊያድር አይችልም።

የእኛ አገር ዘመንና ሰዓት ለመረጃ ሥራ ልዩ ወጥመድ ነው። እናትየዋ «አጎበሩን በ2015 ነው የሰጡን» ትላለች። ታብሌቱ ላይ ያለው ቅጽ የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ከሆነ በ2018 ዓ.ም. በሚደረግ ጥናት የሦስት ዓመቱ አጎበር የአሥር ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ይመዘገባል። «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ሲባል «ሦስት ሰዓት» ብላ የመለሰችውም እንዳለ ከገባ ሕዝቡ ሁሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚተኛ ይመስላል። ጳጉሜንን የማያውቅ ቅጽ ደግሞ የአምስት ቀን መረጃ የሚያስቀምጥበት ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅጹ በእኛ አቆጣጠር ይሞላ፣ የሚቀይረው ማሽኑ ይሁን። ቅጹም በቦታው ቋንቋ ይዘጋጅ። በአዲስ አበባ ዙሪያና ከዚያ ወዲያ ብዙ ቤት የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነውና ጠያቂው በር ላይ ቆሞ በቃሉ የሚተረጉመው ጥያቄ በየቤቱ ሌላ ጥያቄ ይሆናል።

ማታ ማታ ኃላፊው የቀኑን መረጃ ይከፍታል። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ የሚገባው ቃለ መጠይቅ በስምንት ደቂቃ አልቆ ከሆነ፣ የአሥር ቤት የካርታ ነጥብ አንድ ዋርካ ሥር ከተደራረበ፣ ወይም የአንድ ጠያቂ ቤቶች ሁሉ አራት ሰውና ሁለት አጎበር ካላቸው በማግስቱ ሌላ ሰው ይላካል። ከመቶ ቤት አምስት እስከ አሥሩ እንደገና መጠየቅ አለበት፤ ጠያቂዎቹም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለባቸው።

አጎበሩ በእርግጥ ሦስት ዓመት ያገለግላል?

ባለ ረጅም ዕድሜ ኬሚካል አጎበር የሚባለው 20 ጊዜ ታጥቦ፣ ሦስት ዓመት ያህል ይሠራል ተብሎ ነው። የጅምላ ሥርጭቱ በየሦስት ዓመቱ የሚታቀደውም በዚህ ነው። እውነቱ ግን የሚታወቀው ምልክት የተደረገባቸው አጎበሮች በየቤቱ በ6፣ በ12፣ በ24 እና በ36 ወር እየተጎበኙ ነው። የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ አጎበሩ አለ ወይ፣ ስንት ቀዳዳ አለው፣ ኬሚካሉስ ይገድላል ወይ።

ቀዳዳ የሚለካው በሜትር ሳይሆን በእጅ ነው። አጎበሩ ደጅ ተወጥሮ ይሰቀልና ጎን በጎን፣ ጣሪያውም ሳይቀር ይቆጠራል። ከአውራ ጣት ያነሰ ቀዳዳ 1 ነጥብ ይይዛል። ከአውራ ጣት በልጦ ከጭብጥ ያነሰው 23፣ ከጭብጥ በልጦ ከሰው ራስ ያነሰው 196፣ ከራስ የሚበልጠው 576። ድምሩ እስከ 64 ከሆነ አጎበሩ ደህና ነው፤ ከ65 እስከ 642 ተጎድቷል ግን ያገለግላል፤ ከ642 በላይ ከሆነ ተቀዷል። ከአውራ ጣት ያነሱ አሥር ቀዳዳዎችና ከአውራ ጣት በልጠው ከጭብጥ ያነሱ ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት አጎበር 56 ነጥብ ስለሆነ ገና ደህና ነው። ሁለት ራስ የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች ያሉት ግን ሌላው ሁሉ አዲስ ቢሆን እንኳ 1,152 ነውና አለቀለት። ብዙ ሰው ጥቃቅን ቀዳዳ አይቶ አጎበሩን ይጥላል፤ ኬሚካሉ እስካለ ድረስ ትንኟ ቀዳዳውን ስትፈልግ ትነካዋለችና በመርፌና ክር ጠቅሞ መጠቀም ይሻላል።

ኬሚካሉ የሚፈተነው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ከአጎበሩ ቁራጭ ተቆርጦ በላዩ ሾጣጣ ፕላስቲክ ይደፋል፤ አምስት ትንኞች ለ3 ደቂቃ ይገቡበታል። ከ60 ደቂቃ በኋላ ስንቱ ወደቁ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ስንቱ ሞቱ ተብሎ ይቆጠራል። 95 በመቶ ከወደቁ ወይም 80 በመቶ ከሞቱ አጎበሩ አልፏል። የቆየውን ኬሚካል የተላመዱ ትንኞችን ለመግደል ክሎርፌናፒር የተጨመረባቸው አዳዲስ አጎበሮች ግን ቀስ ብለው ስለሚገድሉ እስከ 72 ሰዓት ይጠበቃል። በ24 ሰዓት ብቻ የፈተናቸው ሰው ጥሩውን አጎበር መጥፎ ነው ይላል።

እድሜውን ከሚያሳጥሩት አንዱ እጥበቱ ነው። አዲስ አጎበር ከላስቲኩ ወጥቶ አንድ ቀን ጥላ ላይ ይናፈሳል። ሲቆሽሽ፣ ከሦስት ወር ባልቀደመ ጊዜ፣ በለስላሳ ሳሙና ብቻ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል። በረኪናና የቀትር ፀሐይ ኬሚካሉን ይፈጁታል።

ወባ ከቀነሰ የአጎበሩ ሥራ ነው? ከጨመረስ?

ሁለቱም በቀላሉ አይባሉም። በዚያው ዓመት ርጭት ተካሂዶ፣ ዝናቡ አጥሮ፣ ወይም የመመርመሪያ ኪት አልቆ ሊሆን ይችላል። ኪት ሲያልቅ ወባ በወረቀት ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከታማሚው ቁጥር ጋር የተመርማሪው ቁጥር ይታያል፤ ከ100 ተመርማሪ ስንቱ ተገኘበት የሚለው መጠን ኪቱ ባለቀ ሳምንት እንዲሁ አብሮ አይወርድም። ንጽጽሩም ከባለፈው ወር ጋር ሳይሆን ካለፉት ዓመታት ያው ወቅት ጋር ነው። በኢትዮጵያ ለወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ ያለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ተደርድረው ሁለተኛው ትልቅ እንደ መስመር ይያዛል፤ የዘንድሮው ቁጥር ከዚያ መስመር በላይ ከወጣ ደወሉ ይደወላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ይህን ያየ ሰው «አጎበሩ ከንቱ ነው» ሊል ይችላል። ከዚያ በፊት ግን አጎበሩ የደረሰበትና ያልደረሰበት፣ ያረጀበትና ያላረጀበት ወረዳ ተነጻጽሮ መታየት አለበት። ትንኟም ራሷ ተለውጣ ሊሆን ይችላል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የከተማ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። እሷ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ውኃ ውስጥ ነው። ለእሷ አጎበር ብቻ ሳይሆን ክዳንም ያስፈልጋል።

ታዲያ የአቃቂ ሰው ወባ ሲይዘው ከየት መጣ ይባላል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የወባ ታማሚ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ቆላ አድሮ የመጣ ነው፤ ሹፌር፣ ነጋዴ፣ ከመከር የተመለሰ ሠራተኛ፣ ለተዝካር አገር ቤት ሄዶ የመጣ። ለእነዚህ ሰዎች ቤት ለቤት አጎበር ማደል ብዙም አይረዳም፤ የተነከሱት ሌላ ቦታ ነው። ይህ የሚታወቀው ታዲያ በካርዱ ላይ አንድ ጥያቄ ከተሞላች ነው፤ «ባለፈው አንድ ወር ከዚህ ውጭ የት አደሩ?» ጥያቄዋ የወር የሆነችው ከንክሻው እስከ ትኩሳቱ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አራት ሳምንት ስለሆነ ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ «ከዚያ በፊትስ ወባ ይዞዎት ያውቃል?» የሚለው ይከተላል።

ወረፋ ሲበዛ መጀመሪያ ባዶ የምትቀረው ይህች መስመር ናት። የክትትል ኃላፊው ከየጤና ጣቢያው መዝገብ የባዶዎቹን ብዛት በየወሩ የሚቆጥረው ለዚህ ነው። ከመቶ ታማሚ የሰባው መስመር ባዶ ከሆነ፣ ከቀሩት ሠላሳዎቹ «የትም አልሄድኩም» ያሉት አምስቱ የአቃቂ ወንዝ ዳር ትንኝ ሰለባ ይሁኑ ወይም አይሁኑ የሚያውቅ የለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መስመሯ በደንብ ተሞልታ፣ ከተማቸውን ያልለቀቁ ታማሚዎች ከአንድ ሰፈር እየተደጋገሙ ከመጡ ግን፣ የትንኝ ባለሙያ እጭ መቅጃ ጭልፋውን ይዞ ወደዚያ ሰፈር ይላካል፤ ወረዳውም ለሚቀጥለው ምደባ እንደገና ይታያል።